ከፍ ያለ ቁጥር ሁሉ በሽታ ነውን? የጉበትና የአጥንት ኢንዛይሞች የደም ምርመራ

አንድ የ14 ዓመት ተማሪ ለጠቅላላ የጤና ምርመራ ደም ሰጥቶ ውጤቱን በእጁ ተቀበለ እንበል። ከተዘረዘሩት ምርመራዎች መካከል «አልካላይን ፎስፋቴዝ» ከሚለው ስም ትይዩ 340 የሚል ቁጥር፣ ከጎኑ ከ40 እስከ 130 የሚል መደበኛ መጠን፣ ቀጥሎም ውጤቱ ከፍተኛ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት ታትሟል። ቤተሰቡ ምርመራው የጉበት ምርመራ መሆኑን ሰምቷል፤ ቁጥሩም የላይኛውን ወሰን 2.6 ጊዜ ያጥፋል። ከዚህ ተነሥቶ «የልጁ ጉበት ታሟል» ወደሚል ድምዳሜ መድረስ ቀላል ነው። ከድምዳሜው በኋላ ጭንቀትና አላስፈላጊ ወጪ፣ አንዳንድ ጊዜም ባለሙያ ያላዘዘውንና ጉበትን ራሱን ሊጎዳ የሚችል መድኃኒት ፍለጋ ይከተላል።

ይሁንና ይህ ቁጥር ስለ ልጁ ጉበት ምንም ላይናገር ይችላል። ምናልባት የሚናገረው የልጁ አጥንቶች በፍጥነት እያደጉ መሆናቸውን ብቻ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ጉበታቸው በጽኑ የተጎዳ ሆኖ የኢንዛይም ውጤታቸው በመደበኛው ክልል ውስጥ የሚገኝ ሕሙማን አሉ። እንግዲህ ቁጥሩ ብቻውን በሽታንም ሆነ ጤንነትን አያረጋግጥም ማለት ነው።

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ማንኛውንም የመሣሪያ ንባብ ከመቀበላችን በፊት ሦስት ጥያቄዎችን እናነሣለን፦ የተለካው ምንድን ነው? የተለካው በምን ሁኔታ ነው? የተነጻጸረውስ ከምን ጋር ነው? የደም ምርመራ ውጤትም የመሣሪያ ንባብ በመሆኑ እነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ይመለከቱታል። በዚህ ጽሑፍ በተለይ አልካላይን ፎስፋቴዝን ምሳሌ በማድረግ ጥያቄዎቹን በየተራ እንመለከታለን።

የሚለካው ምንድን ነው?

ኢንዛይሞች በሕያዋን ሕዋሳት ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካዊ ለውጦችን የሚያፋጥኑ፣ ራሳቸው ግን በለውጡ የማያልቁ ፕሮቲኖች ናቸው። አልካላይን ፎስፋቴዝ ከልዩ ልዩ ሞለኪውሎች ላይ የፎስፌት ክፍልን ቆርጦ የሚያላቅቅ ኢንዛይም ነው። «አልካላይን» የሚለውን ቅጽል ያገኘው በቤተ ሙከራ ሲፈተሽ ይበልጥ የሚሠራው ቤዛዊ በሆነና ፒኤቹ ወደ 10 በሚጠጋ ሙሙት ውስጥ በመሆኑ ነው።

ይህ ኢንዛይም መኖሪያው አንድ ቦታ አይደለም። በጉበት ውስጥ ሐሞት የሚፈስባቸውን ረቂቅ ቦዮች በሚያዋስነው የሕዋስ ሽፋን ላይ፣ በአጥንት ውስጥ ኦስቲዮብላስት በተባሉት አጥንት ገንቢ ሕዋሳት ላይ፣ በትንሹ አንጀት፣ በኩላሊትና በነፍሰ ጡር ሴት እንግዴ ልጅ ውስጥ ይገኛል። በጤናማ ዐዋቂ ሰው ደም ውስጥ ከሚዘዋወረው አልካላይን ፎስፋቴዝ አብዛኛው ከጉበትና ከአጥንት የሚመነጭ ሲሆን፣ የሁለቱም ድርሻ ተቀራራቢ ነው። የተለመደው ምርመራ ግን ሁሉንም ደምሮ አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። ደብዳቤው ደርሷል፤ የላኪው አድራሻ ግን አልተጻፈበትም።

በዚሁ የውጤት ወረቀት ላይ ሌሎች ሦስት ኢንዛይሞች ሊኖሩ ይችላሉ። አንደኛው ኤ.ኤል.ቲ. ሲሆን በብዛት የሚገኘው በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ነው። ሁለተኛው ኤ.ኤስ.ቲ. በጉበት ብቻ ሳይሆን በልብ፣ በጡንቻና በቀይ የደም ሕዋሳትም ውስጥ አለ። ሁለቱን በአንዳንድ የምርመራ ቅጾች ላይ ኤስ.ጂ.ፒ.ቲ. እና ኤስ.ጂ.ኦ.ቲ. በሚሉት የቀድሞ ስሞቻቸው እናገኛቸዋለን። ሦስተኛው ጂ.ጂ.ቲ. ነው። ይህ ኢንዛይም በጉበትና በሐሞት ቱቦዎች ውስጥ ቢኖርም በአጥንት ውስጥ ግን የለም። ይህ ልዩነት ምን ያህል ጠቃሚ እንደ ሆነ ወደ ኋላ እናያለን።

ብርሃን እንደ መለኪያ

በደም ውስጥ ያለው የኢንዛይም ብዛት እጅግ አነስተኛ ስለሆነ በሚዛን አይመዘንም። ስለሆነም የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የሚለኩት የኢንዛይሙን መጠን ሳይሆን የሥራውን ፍጥነት ነው። በአንድ ወፍጮ ቤት ውስጥ ስንት ወፍጮ እንዳለ ወደ ውስጥ ገብቶ መቁጠር ባይቻል፣ በደቂቃ የሚወጣውን ዱቄት በመለካት መገመት እንደሚቻለው መሆኑ ነው።

አሠራሩ የሚከተለው ነው። ከደም ሴረም ላይ ጥቂት ጠብታ ተወስዶ ፓራ-ናይትሮፌኒል ፎስፌት የተባለ ቀለም አልባ ኬሚካል ካለበት ሙሙት ጋር ይቀላቀላል። ኢንዛይሙ የፎስፌቱን ክፍል በቆረጠ ቁጥር ፓራ-ናይትሮፌኖል ይቀራል። ይህም በቤዛዊ ሙሙት ውስጥ ደማቅ ቢጫ ቀለም አለው። አንድ ነገር ቢጫ ሆኖ የሚታየን ከነጩ ብርሃን ውስጥ ወደ ሐምራዊና ሰማያዊ የሚያደላውን ክፍል ስለሚመጥ ነው። ስለዚህ 405 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሐምራዊ ብርሃን በሙሙቱ ውስጥ ቢያልፍ፣ ቢጫው በጨመረ መጠን ወደ ማዶ የሚሻገረው ብርሃን እየቀነሰ ይሄዳል። ስፔክትሮፎቶሜትር የሚባለው መሣሪያ የሚመዘግበው ይህንኑ ነው።

የብርሃኑን መቀነስ ወደ ሞለኪውሎች ቁጥር የሚለውጥልን የቢር-ላምበርት ሕግ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌር እ.ኤ.አ. በ1729፣ ቀጥሎም ዮሐን ላምበርት እ.ኤ.አ. በ1760 ብርሃን በአንድ ቁስ ውስጥ ሲያልፍ በእኩል ርቀት በእኩል ክፍልፋይ እንደሚቀንስ አሳዩ። አውጉስት ቢር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1852 ይህን ከሙሙቱ ክምችት ጋር አያያዘው። በሕጉ መሠረት ወደ ሙሙቱ የገባው ብርሃን ለወጣው ተካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ሎጋሪዝም (በ10 ቤዝ) አብሶርባንስ ይባላል። አብሶርባንስ ከቁሱ ክምችትና ብርሃኑ ከተጓዘበት ርቀት ጋር በቀጥታ ይመጣጠናል።

ወደ ምሳሌያችን ተማሪ እንመለስና ስሌቱን እንሥራ። 20 ማይክሮሊትር ሴረም በ1,000 ማይክሮሊትር ሙሙት ውስጥ ቢቀላቀል ጠቅላላው 1,020 ማይክሮሊትር ይሆናል። ይኸውም ሴረሙ 51 ጊዜ ቀጥኗል ማለት ነው። ብርሃኑ የሚያልፍበት ርቀት 1 ሴንቲሜትር ይሁን። መሣሪያው አብሶርባንሱ በየደቂቃው በ0.125 እንደሚጨምር አሳየ እንበል። ይህ በብርሃን ቋንቋ ሲነገር በየደቂቃው የሚሻገረው ብርሃን ከቀደመው ደቂቃ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል፤ በሦስተኛው ደቂቃ መጨረሻም ከመነሻው 42 በመቶ ያህሉ ብቻ ይቀራል ማለት ነው። ለዚህ ስሌት በሚያገለግለው ቋሚ ቁጥር መሠረት በአንድ ሊትር ውስጥ አንድ ሞል ፓራ-ናይትሮፌኖል ቢኖር በ1 ሴንቲሜትር ርቀት አብሶርባንሱ ወደ 18,750 ገደማ ይሆናል። 0.125ን ለ18,750 ስናካፍል በደቂቃ 6.67 ማይክሮሞል በሊትር እናገኛለን። ሴረሙ 51 ጊዜ ቀጥኖ ስለ ነበር በ51 ስናባዛው 340 ይሆናል።

በወረቀቱ ላይ «ዩኒት በሊትር» ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ነው። አንድ ዩኒት በአንድ ደቂቃ አንድ ማይክሮሞል ቁስ የሚለውጥ የኢንዛይም ሥራ ነው። አንባቢው እዚህ ላይ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። 340 የክብደት ወይም የብዛት ቁጥር አይደለም፤ ፍጥነት ነው። ፍጥነት ደግሞ በተለካበት ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው።

ኤ.ኤል.ቲ.ም ሆነ ኤ.ኤስ.ቲ. የሚለኩት በዚሁ መርሕ ነው። ልዩነቱ በዓይን የማይታየው 340 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው አልትራቫዮሌት ብርሃን ጥቅም ላይ መዋሉ ነው። በዚህ የሞገድ ርዝመት ኤን.ኤ.ዲ.ኤች. የተባለው ሞለኪውል ብርሃንን ይመጣል፤ ወደ ኤን.ኤ.ዲ. ሲለወጥ ግን አይመጥም። ስለሆነም በዚህ ምርመራ አብሶርባንሱ ከመጨመር ይልቅ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የአቀናነሱም ፍጥነት የኢንዛይሙን ሥራ ይነግረናል።

የመለኪያው ሁኔታ

ኬሚካዊ ፍጥነት ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል። በአንድ ወቅት አንዳንድ ላቦራቶሪዎች በ25፣ ሌሎች በ30፣ ሌሎችም በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ ይለኩ ስለ ነበር፣ የአንድ ሰው ደም በሁለት ቦታ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይሰጥ ነበር። ዛሬ የተለመደው 37 ዲግሪ ነው። ሆኖም የሙሙቱ ዓይነትና የመሣሪያው ልኬት ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ ሊለይ ስለሚችል፣ አንድ ውጤት መነጻጸር ያለበት ምርመራውን ባካሄደው ላቦራቶሪ መደበኛ መጠን እንጂ ከመጽሐፍ ወይም ከጎረቤት ወረቀት ላይ በተገኘ ቁጥር መሆን የለበትም።

ደሙ የተቀዳበት ቱቦም ወሳኝ ነው። አልካላይን ፎስፋቴዝ ያለ ዚንክና ማግኒዝየም አይሠራም። ለደም ሕዋሳት ቆጠራ የሚያገለግለው ባለ ሐምራዊ ክዳን ቱቦ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. የተባለ ኬሚካል አለበት። የዚህ ኬሚካል ተግባር የብረታ ብረት አዮኖችን ይዞ ማስቀረት ነው። በስሕተት በዚህ ቱቦ የተቀዳ ደም ለአልካላይን ፎስፋቴዝ ቢመረመር ኢንዛይሙ ብረቶቹን ስለሚያጣ ቁጥሩ ከእውነተኛው እጅግ ዝቅ ብሎ ይነበባል።

ከምርመራው በፊት የተደረገውም ነገር ቁጥሩን ሊለውጥ ይችላል። ስብ የበዛበት ምግብ ከተበላ በኋላ፣ በተለይ የደም ዓይነታቸው ኦ ወይም ቢ በሆኑ ብዙ ሰዎች፣ ከአንጀት የሚመነጨው ፎስፋቴዝ ወደ ደም ገብቶ ውጤቱን ጥቂት ከፍ ያደርገዋል። ጠንካራ ስፖርት ደግሞ ከጡንቻ ኤ.ኤስ.ቲ.ን፣ በመጠኑም ኤ.ኤል.ቲ.ን ያስለቅቃል። በዋዜማው ረጅም ሩጫ የሮጠ ወጣት ጉበቱ ሳይነካ «የጉበት ኢንዛይሙ» ከፍ ሊልበት ይችላል። ደሙ ሲቀዳ ቀይ ሕዋሳቱ ቢፈርሱም ኤ.ኤስ.ቲ. እንዲሁ ከፍ ይላል።

ሙቀት አድራሻውን ለማወቅም ይረዳል። ከአጥንት የሚመነጨው ፎስፋቴዝ በ56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ10 ደቂቃ ቢሞቅ አብዛኛው የሥራ ኃይሉ ይጠፋል፤ ከጉበት የሚመነጨው የተሻለ ይቋቋማል፤ ከእንግዴ ልጅ የሚመነጨው ደግሞ በ65 ዲግሪም አይረታም። በዚህ ጠባይ በመጠቀም ላቦራቶሪዎች ምንጮቹን ለመለየት ለብዙ ዓመታት ሞክረዋል። ጥሬ የላም ወተት ውስጥም ይኸው ዓይነት ኢንዛይም ይገኛል። ወተቱ በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ በሚገባ ሲሞቅ ኢንዛይሙ ሥራውን ያቆማል። በመሆኑም የወተት ፋብሪካዎች ወተቱ በትክክል በሙቀት መታከሙን የሚያረጋግጡት ይህ ኢንዛይም መጥፋቱን በመፈተሽ ነው።

አጥንት ሲያድግ

የፎስፋቴዝና የአጥንት ግንኙነት የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1923 ነው። በለንደን ሊስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ሮቢሰን፣ በማደግ ላይ ባለ አጥንትና ልም አጥንት ውስጥ ፎስፌትን የሚያላቅቅ ኢንዛይም በብዛት መኖሩን አሳየ። ኢንዛይሙ ለአጥንት መጠንከር አስፈላጊ ሊሆን እንደሚችልም ሐሳብ አቀረበ።

ዛሬ አሠራሩን በተሻለ ሁኔታ እናውቀዋለን። የአጥንት ጥንካሬ የሚመጣው ካልሲየምና ፎስፌት በክሪስታል መልክ ተያይዘው በፕሮቲን ድር ላይ ሲሰፍሩ ነው። ይህን የክሪስታል እድገት የሚገታ ፓይሮፎስፌት የተባለ ቁስ በአካባቢው ይገኛል። አልካላይን ፎስፋቴዝ ፓይሮፎስፌትን ይሰብረዋል። በዚህም በአንድ በኩል እንቅፋቱን ያነሣል፣ በሌላ በኩል ለግንባታው የሚሆን ፎስፌት ያቀርባል። ኢንዛይሙን በሚያመርተው ጂን ላይ በሚደርስ ጉድለት ሃይፖፎስፋታሲያ የሚባለው ብርቅ በሽታ ሲከሰት አጥንት ሳይጠነክር የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ በሽታ የሚያሳስበው የቁጥሩ ከፍ ማለት ሳይሆን ዝቅ ማለቱ ነው።

እንግዲህ አጥንት በሚገነባበት ጊዜ ሁሉ በደም ውስጥ ያለው ፎስፋቴዝ ይጨምራል። በሕፃንነትና በጉርምስና ወቅት፣ እንዲሁም የተሰበረ አጥንት በሚጠገንበት ጊዜ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። በካናዳ በጤናማ ሕፃናትና ወጣቶች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ የታተመው ካሊፐር የተባለው ጥናት ይህን በቁጥር ያሳያል። በጥናቱ ዕድሜያቸው 13 ዓመት ሆኖ 15 ያልሞላቸው ወንዶች መደበኛ መጠን ከ116 እስከ 468፣ በዚሁ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ከ57 እስከ 254 ዩኒት በሊትር ሆኖ ተገኝቷል። ወንዶቹ 17 ዓመት ሞልቷቸው 19 እስኪሞላቸው ባለው ጊዜ ክልሉ ከ55 እስከ 149 ወርዷል። ሴቶች ከወንዶች ቀድመው ጉርምስናን ስለሚጀምሩና ስለሚፈጽሙ ቁጥራቸው ቀድሞ ይወርዳል።

እነዚህ ቁጥሮች በሌላ መሣሪያና በሌላ ሕዝብ ዘንድ ሊለያዩ ቢችሉም መልእክታቸው ግልጽ ነው። የምሳሌያችን ተማሪ 340 ለ40 ዓመት ጎልማሳ አጠያያቂ ሲሆን ለ14 ዓመት ወንድ ልጅ ግን የሚጠበቅ ነው። ስሕተቱ ያለው በልጁ ሰውነት ሳይሆን ከጎኑ በታተመው የዐዋቂዎች መደበኛ መጠን ላይ ነው።

ሆኖም በሕፃናት ላይ የሚታይ ከፍተኛ ቁጥር ሁሉ እድገት ነው ማለት አይደለም። ቫይታሚን ዲ ሲጎድል ሰውነት ካልሲየምን ከምግብ በሚገባ መውሰድ ይሳነዋል። አጥንት ገንቢ ሕዋሳት ያለማቋረጥ ቢሠሩም የሚገነቡበት ማዕድን ያጣሉ። በደም ውስጥ ፎስፋቴዝ ይጨምራል፤ አጥንቱ ግን ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ እግርም ይጎብጣል። ይህ በሽታ ሪኬትስ ይባላል። በአዲስ አበባ የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑና የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ፣ የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል ደግሞ 20ዎቹ ብቻ ሪኬትስ እንደ ነበረባቸው አሳይቷል። ፀሐይ በማይጠፋበት አገር ይህ መታየቱ ሊያስደንቅ ይችላል።

ምክንያቱን ለመረዳት እንደገና ወደ ብርሃን እንመለስ። ቫይታሚን ዲ በቆዳ ውስጥ የሚሠራው ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ባለው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ይህን ጨረር የተለመደ የመስኮት መስተዋት አብዛኛውን ይመጥጠዋል፤ ልብስም ይከለክለዋል። ሙቀቱ ግን ያልፋል። ስለዚህ በመስተዋት ውስጥ በሚገባ ብርሃን አጠገብ የተኛ ወይም ተሸፋፍኖ የታቀፈ ሕፃን ይሞቀዋል እንጂ ቫይታሚን ዲ አያገኝም። እናቶቻችን ሕፃንን «ፀሐይ ማሞቅ» የሚሉት ልማድ ፍሬ የሚሰጠው ከቤት ውጪ፣ ቆዳው ለብርሃን ሲጋለጥ ነው።

ጉበት ሲጎዳ

ወደ ጉበት ስንመጣ ኢንዛይሞቹ በሁለት የተለያዩ መንገዶች ወደ ደም ይገባሉ። ኤ.ኤል.ቲ.ና ኤ.ኤስ.ቲ. በሕዋሱ ውስጥ የተቀመጡ ስለሆኑ፣ ሕዋሱ በቫይረስ፣ በመርዝ ወይም በመድኃኒት ሲጎዳ ሽፋኑ ተበስቶ ያፈስሳቸዋል። በድንገተኛ የጉበት ብግነት ጊዜ ኤ.ኤል.ቲ. ከሺህ በላይ ሊደርስ ይችላል። አልካላይን ፎስፋቴዝ ግን ከፍ የሚለው በዋነኛነት የሐሞት ፍሰት ሲታገድ ነው። የሐሞት ጠጠር ወይም እብጠት ቱቦውን ሲዘጋ የጉበት ሕዋሳት ኢንዛይሙን አብዝተው ማምረት ይጀምራሉ፤ ትርፉም ወደ ደም ይሻገራል። በሁለቱም ሁኔታ ዓይንና ቆዳ ቢጫ ሊሆኑ ይችላሉ። በአገራችን «የወፍ በሽታ» የሚለው አንድ ስም መንስኤያቸውና ሕክምናቸው የተለያየ ብዙ በሽታዎችን ያጠቃልላል።

ሐኪሞች ሁለቱን ለመለየት ቀላል ስሌት ይጠቀማሉ። የኤ.ኤል.ቲ.ን ውጤት ለራሱ የላይኛ ወሰን ያካፍላሉ፤ የአልካላይን ፎስፋቴዝንም እንዲሁ ያደርጋሉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ያካፍላሉ። ኤ.ኤል.ቲ. 400፣ ወሰኑ 40 ቢሆን 10 ይሆናል። ፎስፋቴዝ 156፣ ወሰኑ 130 ቢሆን 1.2 ይሆናል። 10 ለ1.2 ሲካፈል ወደ 8.3 ይመጣል። 5 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት የጉበት ሕዋሳትን ጉዳት፣ 2 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ደግሞ የሐሞት ፍሰት መታገድን ያመለክታል፤ በመካከል ያለው ድብልቅ ነው። ስሌቱ ግን ትርጉም የሚኖረው ፎስፋቴዙ በእርግጥ ከጉበት የመጣ ከሆነ ብቻ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ቀደም ሲል የጠቀስነው ጂ.ጂ.ቲ. ይመጣል። ፎስፋቴዝና ጂ.ጂ.ቲ. አብረው ከፍ ካሉ ጣት የሚቀሰረው ወደ ጉበት ነው። ፎስፋቴዝ ከፍ ብሎ ጂ.ጂ.ቲ. መደበኛ ከሆነ ግን ምንጩ ምናልባት አጥንት ነው። በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ደግሞ እንግዴ ልጁ የፎስፋቴዝን መጠን እስከ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊያደርሰው ስለሚችል፣ ነፍሰ ጡርነት ለመርማሪው መነገር አለበት።

ጊዜም መረጃ ይሰጣል። ኤ.ኤል.ቲ. በደም ውስጥ ያለው ግማሽ ዕድሜ ወደ 47 ሰዓት ይጠጋል። ጨረራ አመንጪ አቶሞች በሚቀንሱበት ሕግ፣ ጉዳቱ ዛሬ ቢቆም 800 የነበረው ከሁለት ቀን በኋላ ወደ 400፣ ከአራት ቀን በኋላ ወደ 200 ይወርዳል። ከዚህ በተለየ ሁኔታ ቁጥሩ በቦታው ቢቆይ ጉዳቱ እንደ ቀጠለ እንረዳለን። ሐኪም ምርመራው እንዲደገም የሚያዘው አንድ ነጥብ መስመር ስለማይሠራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ አለመግባባት መነሣት አለበት። እነዚህ ምርመራዎች በተለምዶ «የጉበት ሥራ ምርመራ» ይባላሉ። ኢንዛይሞቹ ግን የሚናገሩት ስለ ጉዳት እንጂ ስለ ሥራ አይደለም። ጉበት ሥራውን መሥራቱ የሚታወቀው በቢሊሩቢን፣ ጉበት በሚያመርተው አልቡሚን በተባለ ፕሮቲንና ደም ለመርጋት በሚወስደው ጊዜ ነው። ለረጅም ዓመታት በሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ ቫይረስ ተጎድቶ የጠጠረ ጉበት የሚያፈስሳቸው ሕዋሳት ስለሚያንሱት ኤ.ኤል.ቲ. መደበኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መደበኛ ኤ.ኤል.ቲ. ያለው ሰው ከሄፓታይተስ ነፃ ነኝ ብሎ መደምደም አይችልም፤ ለቫይረሱ የተለየ ምርመራ አለው። በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙዎች በሕፃንነታቸው አላገኙትም።

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ሌላው ምሳሌ ነው። አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፓይራዚናማይድ ጉበትን ሊጎዱ ስለሚችሉ ኢንዛይሞቹ ይታያሉ። ኤ.ኤል.ቲ. ጥቂት ከፍ ማለቱ የተለመደ ሲሆን መድኃኒቱን ለማቆም ምክንያት አይሆንም። በአጠቃላይ መድኃኒቱ እንዲቆም የሚታዘዘው ሕመምተኛው ምልክት እያሳየ ቁጥሩ ከላይኛው ወሰን ሦስት እጥፍ ሲበልጥ፣ ያለ ምልክት ደግሞ አምስት እጥፍ ሲበልጥ ነው። ወረቀቱን አይቶ በራሱ ፈቃድ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው መድኃኒቱን የተላመደ ነቀርሳ ሊያተርፍ ይችላል። ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረ ወይም ያለማቋረጥ የሚያስመልሰው ሕመምተኛ ግን የቀጠሮውን ቀን ሳይጠብቅ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

«መደበኛ» ማለት ምን ማለት ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ የንጽጽሩ ነው። መደበኛ መጠን የሚዘጋጀው ቢያንስ 120 ያህል ጤናማ ሰዎች ተመርምረው፣ ከውጤታቸው ውስጥ ዝቅተኛው 2.5 በመቶና ከፍተኛው 2.5 በመቶ ተቆርጦ፣ መካከለኛው 95 በመቶ ሲወሰድ ነው። በትርጓሜው ብቻ ከ20 ጤናማ ሰዎች አንዱ ከክልሉ ውጪ ይወድቃል። አንድ ጤናማ ሰው እርስ በርሳቸው የማይገናኙ 12 ምርመራዎችን ቢያደርግ ሁሉም በክልሉ ውስጥ የመሆናቸው ዕድል 0.95 በራሱ 12 ጊዜ ተባዝቶ ይገኛል፤ ይህም 0.54 ነው። ቢያንስ አንዱ «ያልተለመደ» የመሆኑ ዕድል ስለዚህ 46 በመቶ ነው። በእውነቱ ምርመራዎቹ ፈጽሞ የማይገናኙ ስላልሆኑ ቁጥሩ በመጠኑ ይለያል። ሆኖም ብዙ ምርመራ ባደረጉ ቁጥር ያለ በሽታ ምልክት የሚታተምበት ወረቀት ማግኘት የሚያስደንቅ አይደለም።

ውጤት በእጁ የገባ ሰው እንግዲህ ለሐኪሙ ሊያቀርባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። መደበኛው መጠን ለእኔ ዕድሜና ፆታ የተዘጋጀ ነውን? ከወሰኑ ያለፈው በጥቂት ነው ወይስ በብዙ እጥፍ? አብረውት የተለኩት ሌሎች ኢንዛይሞች ምን ይላሉ? የቀድሞ ውጤት ካለ በየትኛው አቅጣጫ እየሄደ ነው? በበኩሉ ደግሞ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ የባህል መድኃኒትም ጭምር፣ በቅርቡ ያደረገውን ከባድ ስፖርትና የደረሰበትን ስብራት ሳይሸሽግ መንገር ይገባዋል።

ለሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ የሚቀር ሥራ አለ። በአገራችን ላቦራቶሪዎች ውጤት ወረቀት ላይ የሚታተሙት መደበኛ መጠኖች በአብዛኛው ከመሣሪያና ከኬሚካል አምራቾች መመሪያ የተወሰዱና በሌሎች አገሮች ሕዝቦች ላይ የተዘጋጁ ናቸው። በኢትዮጵያ ደጋና ቆላ የሚኖሩ ጤናማ ወጣቶችን በየዕድሜያቸውና በየፆታቸው መርምሮ የራሳችንን ክልል ማዘጋጀት ባዮሎጂን፣ ኬሚስትሪን፣ ፊዚክስንና ስታቲስቲክስን በአንድነት የሚጠይቅ ጥናት ነው። መሣሪያው በየሆስፒታሉ አለ፤ ሕጉም ከ1852 ጀምሮ ይታወቃል። የሚያስፈልገው በጥንቃቄ የሚለኩና የለኩትን በትክክል የሚተረጉሙ ወጣቶች ናቸው።